ንዴቴን በሩጫ ላውጣው ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ

ባለባጃጁ፦
ሰላም ጎንደሮች። ባጃጅ ነጂ ነኝ። ባለፈው ለቤንዚን ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ተሰለፍኩ። ረፋዱ ላይ ሁለት ሰው ሲቀረኝ አንዱ ከየት መጣ ሳይባል ጀሪካኑን ይዞ ፊቴ ገጭ አለ። ተራህን ጠብቅ ስለው ሳቀብኝ። ጆሮዬ ጋለ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልመታሁትም። ንዴት በስፖርት ይወጣል ሲባል ስለምሰማ ማታ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ዳገቱን በሩጫ ተያያዝኩት። ችግሩ፣ እየሮጥኩም ሰውየውን በሐሳቤ እየደበደብኩት ነበር። ላይ ስደርስ ከመነሻዬ ብሶብኛል። ቤት ገብቼ ሽሮው ጨው በዛበት ብዬ ሚስቴ ላይ ጮህኩባት። ጨው አልበዛበትም ነበር። ችግሩ ሩጫው ነው ወይስ እኔ?

የአዘዞው ልጅ፦
ዳገት ምን ያደርግልሃል፣ ጂም ግባና የቦክስ ከረጢቱን አናግረው። እኔ አለቃዬን እያሰብኩ ነው የምደልቀው። ላብ በላብ ሆኜ ስወጣ ቅልል ይለኛል።

ነርሷ፦
የአዘዞው፣ ቅልል ያለህ ስለደከመህ ነው እንጂ ነገ አለቃህን ስታየው ይነሳብሃል። ንዴት እንደ ድስት እንፋሎት ክዳን ከፍተው የሚያስወጡት ነገር አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ ከ10 ሺህ ሰው በላይ የተሳተፈባቸውን 154 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ደም የሚያሞቀው ነገር በጥቅሉ ንዴትን አልቀነሰም፣ ሩጫማ ጭራሽ ጨመረው። የቀነሰው ቀስ ብሎ መተንፈስና ሰውነትን ዘና ማድረግ ነው። ኳስ መጫወትም ረድቷል (የፋሲል ከነማን ጨዋታ ቁጭ ብሎ ማየት አይቆጠርም፣ እሱ ሌላ ንዴት ነው)።

ባለባጃጁ፣ ስትናደድ ልብህ ቀድሞውኑ እየደለቀ ነው። ጎንደር ደግሞ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚያ ላይ ዳገት ስትጨምርበት አስበው። በ52 አገሮች የተሠራ የልብ ጥናት፣ በንዴት ወይም በብስጭት ላይ ከባድ የጉልበት ሥራ ሲደረብ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰቱ ዕድል ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። ላንተ ለወጣቱ ብዙ አያሰጋም ይሆናል፣ ግፊት ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ። መጀመሪያ ቀስ ብለህ ተራመድ፣ ትንፋሽህን ስታወጣ አስረዝመው። ሩጫውን ሰላም በሆንክበት ቀን ሩጥ።

እትዬ፦
ልጆቼ፣ እኔ ጥናት አላውቅም። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ከወንድሞቹ ጋር በቤቱ ጉዳይ ተጣላን፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝ። ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን ደርቤ ወደ ቁስቋም ቀስ እያልኩ እወጣ ነበር። አንድ ቀን ዛፍ እቆጥራለሁ፣ አንድ ቀን ደረጃ። ስቆጥር እነሱን እረሳቸዋለሁ፣ ቁጥሩ ከጠፋብኝ እንደገና። አንተም ጀሪካኑን ሰውዬ ተሸክመህ አትውጣ ልጄ፣ ዳገቱ ለብቻህም ይበቃሃል። ሚስትህን ይቅርታ ብለሃታል ግን?

ባለባጃጁ፦
እትዬ፣ ብያታለሁ። ትናንት ደግሞ አንድ ተሳፋሪ ሒሳብ ሳይከፍል ወርዶ ሄደ። ባጃጇን አቁሜ የፋሲል ግቢን አጥር እየታከክሁ ቀስ ብዬ ተራመድኩ፣ ድንጋዩን እየቆጠርኩ። ሦስት መቶ ምናምን ላይ ጠፋብኝ። ቤት ስገባ ሽሮው የምር ጨው በዝቶበታል። ዝም ብዬ በላሁ፣ ውሃ ብቻ ደጋገምኩ።