«ኬንቶ ሺማስ» ከተባልኩ በኋላ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። በ2013 እ.ኤ.አ. በዮኮሃማው የቲካድ (በጃፓን መሪነት የሚካሄደው የአፍሪካ ልማት) ጉባኤ ይፋ በሆነው የአቤ ኢኒሼቲቭ የትምህርት ዕድል ጃፓን መጥቼ የማስተርስ ትምህርቴን የምከታተል ኢትዮጵያዊ ስሆን፣ የፕሮግራሙ አካል የሆነውን የተግባር ልምምድ በኦሳካ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የብረታ ብረት ፋብሪካ እያካሄድኩ ነው።

የስም ካርድ በሁለት እጅ መቀበሉም ሆነ ዕለታዊ ሪፖርት መጻፉ አልከበደኝም፤ ካይዘንንም ከአገር ቤት አውቀዋለሁ። የተቸገርኩት በሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የመሣሪያዎችን አቀማመጥ ለመቀየር በስብሰባ ላይ ሐሳብ ሳቀርብ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አለቃዬም «ኬንቶ ሺማስ»፣ ማለትም «እናጤነዋለን» አሉኝ። እኔ የዋሁ ተስፋ አድርጌ ሦስት ሳምንት ከጠበቅሁ በኋላ፣ አንድ ቬትናማዊ የክፍል ጓደኛዬ ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ጨዋ እምቢታ መሆኑን ነገረኝ። «ኔማዋሺ» የሚሉትንም ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ቃሉ ዛፍን ነቅሎ ሌላ ቦታ ለመትከል አስቀድሞ ሥሩን ዙሪያውን ማዘጋጀት ማለት ሲሆን፣ በሥራ ላይ ግን ሐሳብ ለስብሰባ ከመቅረቡ በፊት ከሚመለከታቸው ጋር በተናጠል መመካከርን ያመለክታል። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ።

አሁን ልምምዱ ሊያበቃ፣ የማጠቃለያ ገለጻዬም ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። በጃፓን መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ወገኖች፣ ሐሳቡን አሁን ከማሽን ሠራተኞቹ ጋር ብመካከርበት አለቃዬን እንደ ማለፍ ይቆጠርብኛል? ወይስ አስቀድሜ እሳቸውን ላማክር? ጃፓንኛዬ መካከለኛ በመሆኑ፣ ነገሩን ሳላስቀይም የማነሣበትን ትክክለኛ አባባል ብትጽፉልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።