የጊታሬ ብሪጅ ተነሳ፦ የቆዳ ሙጫ ወይስ ኮላ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአኩስቲክ ጊታሬ ብሪጅ፣ ማለትም ክሮቹ የሚታሰሩበት ፊቱ ላይ የተለጠፈው እንጨት፣ ከኋላ በኩል ተነስቷል፤ ወረቀት ያሾልካል። አምና ራሴ በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፌው ነበር። ሰሞኑን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ረሳሁትና እንዲህ ሆነ። አንዱ ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራውን የቆዳ ሙጫ ይለኛል፣ ሌላው ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ኢፖክሲ። ግራ ገባኝ።

ጊታር ጠጋኝ፦ መጀመሪያ ክሮቹን አላላ። የብረት ክሮች አንድ ላይ 70 ኪሎ ገደማ ይጎትታሉ። ነጭ ኮላ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ እየተጎተተ ሲቆይ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሸሻል። የቆዳ ሙጫ ግን ደርቆ ድርቅ ነው፣ አይሸሽም። እኔ ለብሪጅ ሌላ አልነካም። ደረቁን ሙጫ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው። ሲያብጥ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ አሙቀው፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል። ካፈላኸው ጉልበት አይኖረውም። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው! እንጨቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደቂቃ ሳይሞላ ይረጋብሃል። ስለዚህ ብሪጁን ቀድመህ አሙቀው፣ ሞርሳውንም ያለ ሙጫ ሞክረው።

ቫዮሊን ሠሪ፦ ኢፖክሲ ይቅርብህ። ነገ የሚያነሳው ሰው ይረግምሃል። የቆዳ ሙጫ ግን በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል። እኛ እንዲያውም የቫዮሊን ፊት ስንለጥፍ ሙጫውን ሆን ብለን እናቀጥነዋለን። አየሩ ደርቆ እንጨቱ ሲኮማተር፣ ጣውላው ከሚሰነጠቅ መገጣጠሚያው ቢለቅ ይሻላል።

አናጢው፦ የቆዳ ሙጫ፣ የቆዳ ሙጫ! እርጥበት ካገኘው እሱም ይለቃል። ቢጫው የእንጨት ኮላ ብሪጅ ለዓመታት ይይዛል፤ ለጀማሪም ጊዜ ይሰጣል። ይልቅ አምና የድሮውን ሙጫ ፍቀህ ነበር? ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም።

ጠያቂ፦ እውነቱን ልናገር? አልፋቅኩም። በስንጥቁ አፍስሼ ተጫንኩት።

ጊታር ጠጋኝ፦ በቃ፣ ተገኘ! እዚህ ላይ አናጢው ልክ ነው። ብሪጁን በደንብ አሙቀህ በቀጭን ቢላ ሙሉ በሙሉ አንሳው፤ ጣውላው እንዳይላጥ ቀስ በል። ንጹህ እንጨት እስኪታይ ሁለቱንም ወገን ፋቅ። እንዲህ ከሆነ ቢጫ ኮላም ቢሆን አልጣላህም። መኪና ውስጥ አትርሳው እንጂ።

ጠያቂ፦ ሞርሳ የለኝም። ድንጋይ ብጭንበትስ?

ቫዮሊን ሠሪ፦ ኧረ በፍጹም! የፊቱ ጣውላ ይሰምጥብሃል፣ ብሪጁም እኩል አይጫንም። በድምፅ ቀዳዳው የሚገባ አንገተ ረጅም ሞርሳ ተዋስ። እስከ ማግስቱም ክር አትወጥር።