የግል ጦማሬን ድረ ገጽ መሥራት እየተማርኩ ልገንባ ብዬ ተጣብቄአለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ (የገጽን ይዘትና መልክ መጻፊያ ቋንቋዎች) መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆኖኛል፤ ጃቫስክሪፕትም ቀለል ያሉ ነገሮችን የምሠራበትን ያህል አውቃለሁ። የተማርኩትን የማሰፍርበት ጦማር ከባዶ ተነስቼ ልሥራ ብዬ ጽሑፎቹ የሚቀመጡበትን ዳታቤዝ፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን መግቢያና የአንባቢ አስተያየት መቀበያውን በአንድ ጊዜ ጀመርኩና ሁለት ወር ሙሉ ስታገል ቆየሁ። እስካሁን አንድም ጽሑፍ አላወጣሁም። ዎርድፕረስ የተባለውን የተዘጋጀ የጦማር መሥሪያ ጭኜ ልገላገል ወይስ በያዝኩት ልግፋበት? መማሩንም መጻፉንም መተው አልፈልግም።

መልስ 1

ዎርድፕረስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ ሊማሩት የፈለጉትን ሥራ አብዛኛውን እሱ ይሠራልዎታል። የእኔ ምክር፣ ዳታቤዙን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉትና አንድ ጽሑፍ በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል በእጅዎ ጽፈው በዚህ ሳምንት ያውጡ። ጊትሃብ ፔጅስ የተባለው አገልግሎት እንዲህ ያለውን ስታቲክ (ያለ ዳታቤዝ እንደተጻፈ የሚቀርብ) ገጽ ያለ ክፍያ ያስተናግዳል። አራተኛው ወይም አምስተኛው ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ፣ በገጹ አናት ካለው ማውጫ አንዲት ቃል ለመለወጥ ፋይሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ መክፈት ግድ ይሆንብዎታል፤ ቴምፕሌት (ገጾቹ ሁሉ የሚጋሩት ቅርጽ) ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ማንም ሳያስረዳዎ ይገባዎታል። ቀጥሎ፣ በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚጻፍ የጽሑፍ ዓይነት) የጻፉትን ወደ ኤችቲኤምኤል የሚቀይርና በቴምፕሌቱ ውስጥ የሚያስገባ ትንሽ ፕሮግራም፣ ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጪ በሚያስኬደው በኖድ ጄኤስ ይጻፉ። ጄኪልና ሁጎ የተባሉት የተዘጋጁ መሣሪያዎችም በመሠረቱ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እኔ የጻፍኩት መቶ መስመር እንኳ አልሞላም ነበር፤ ሆኖም ፋይል ማንበብን፣ ጽሑፍ መተንተንንና ስህተት መፈለግን የተማርኩት በእሱ ነው።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ የሁለት ወሩን ልፋት ግን አይጣሉት። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርገው ይማሩበት። ለሕዝብ ክፍት ከመሆኑ በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አሉና። አንባቢ የላከውን አስተያየት ሳያጣሩ እንዳለ በገጹ ላይ ካወጡት፣ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በአስተያየቱ ውስጥ ስክሪፕት ሸጉጦ በሌሎች ጎብኚዎች ብሮውዘር ላይ ሊያስኬደው ይችላል። የይለፍ ቃልም እንደ ቢክሪፕት ባለ ዘዴ ሃሽ ተደርጎ (ወደ ቀድሞው እንዳይመለስ ተለውጦ) እንጂ በግልጽ አይቀመጥም።

መልስ 3

ጥቂት ልጨምር። የፊደል አመዘጋገቡ ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝ ፊደልንም የሚይዘው) መሆኑን በገጹ ኮድ ውስጥ ያውጁ፤ አለበለዚያ ጽሑፍዎ በአንዳንድ ብሮውዘር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ለምስሎች ስፋትና ቁመት ይስጡ፤ ያን ጊዜ ምስሉ ሲመጣ ጽሑፉ ከአንባቢው ዓይን ሥር አይዘልም። ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምለምንዎ ግን የጽሑፎቹን አድራሻ ገና ከጅምሩ በደንብ አስበው እንዲያወጡ ነው፤ መሣሪያ መቀየር ይቻላል፣ ሌሎች በገጾቻቸው ያስተሳሰሩትን አድራሻ መቀየር ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግር ማስተላለፊያ ካላበጁለት አንባቢን ባዶ ገጽ ላይ ይጥላል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ በሲኤስኤስ የገጽ ክፍሎችን ስለሚደረድረው ፍሌክስቦክስ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ጽሑፍ አወጣሁ። በስልክ ስከፍተው ፊደላቱ ደቅቀው ነበር፤ ለካ ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲታይ የሚያዘውን የቪውፖርቱን መስመር ረስቼው ኖሯል። አስተካክዬዋለሁ፤ የሁለተኛው ጽሑፌ ርዕስ የሚሆነውም ይኸው ስህተት ነው።