ጉና ተራራ ሥር በበጎ ፈቃድ ለማስተማር

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ሦስት ሆነን ጉና ሥር ባለ ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ንባብና ሒሳብ ልናግዝ አስበናል። መቼ እንሂድ? ምን እንያዝ?

መልስ 1፦ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ነው፣ መንገዱም ጭቃ። ኅዳር ላይ አጨዳ ስላለ ልጆች ይቀራሉ። የካቲት ይሻላል፤ ጾም ከገባ ስንቃችሁ በሶና ሽሮ ይሁን። አስቀድማችሁ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያዙ፤ ያለዚያ ርእሰ መምህሩ ክፍል ለመስጠት ይቸገራሉ።

መልስ 2፦ ጠመኔውን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ እርጥበት ከነካው ሰሌዳ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጽፍም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ጉና ከ4,000 ያልፋል። ራስ ምታት ሊይዛችሁ ስለሚችል የመጀመሪያውን ቀን ዕረፉ። ጋቢ አደራ!

መልስ 3፦ አዲስ ምዕራፍ አትጀምሩ፤ ለመምህሩ ጅምር ጥላችሁ ትሄዳላችሁ። ይልቅ ማንበብ የከበዳቸውን አምስት አምስት አድርጋችሁ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ» አስለዩ። ልጁ የሚሳሳተው ከላይ ያለችውን ጭረት ሳያያት ስለሚያልፍ ነው፤ በጣቱ እንዲነካት አድርጉ።