ሶላሪስ 8 ላይ አዲስ ከርል አስነስቼ ሰርቲፊኬቱ እምቢ አለኝ

ሂርማታ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ነኝ፣ የምሰራበት የቡና መጋዘን ውስጥ አንድ ሰን አልትራ 5 የሚባል አሮጌ ኮምፒውተር አለ ሶላሪስ 8 የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫነ፣ እኔ ሳልቀጠር የነበረ ዕቃ ነው ግን ወላሂ አንድ ቀን አስቸግሮ አያውቅም። ጀንፈል ሲገባ ኪሎውን ይመዘግብና በዶት ማትሪክስ ደረሰኝ ያትማል፣ በቃ ስራው ይቺው ናት። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውዬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ ሶርስ ኮዱም የለም፣ ስለዚህ "አውጥታችሁ ጣሉት" የሚለውን ምክር አደራ ዝለሉልኝ።

አሁን አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሮ የየቀኑን ፋይል ማታ ማታ በኤችቲቲፒኤስ ላኩ አለን፣ ሰርቨራቸው ደግሞ ከቲኤልኤስ (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ፕሮቶኮል) 1.2 በታች አይቀበልም። ሶላሪስ 8 የወጣው 2000 ላይ ነው፣ ቲኤልኤስ 1.2 የመጣው 2008፣ ስለዚህ ከርልን (ፋይል በኔትወርክ የሚልክ ፕሮግራም ነው) ከሶርስ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል ማድረግ ግድ ሆነ። ሁለት ሳምንት በላኝ። ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር 4.6 አስገባሁ፣ ከሱ በኋላ ያሉት ሶላሪስ 8ን ትተውታል። ሜክ (የኮምፓይል ስራውን የሚመራው ፕሮግራም) የለም ሲለኝ ለካ ዩኤስአር ሲሲኤስ ቢን ውስጥ ተቀምጧል፣ ፓዝ ላይ ጨመርኩት። የሰኑ ታር (የታሸገ ፋይል መፍቻው) ረጅም የፋይል ስም ሲያጋጥመው ስለሚያበላሽ ግኑ ታር አመጣሁ። ቲኤልኤሱን የሚሰራው ላይብረሪ ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ደግሞ ፐርል የሚባለውን ቋንቋ 5.10 ካላገኘሁ ብሎ ገገመ፣ ማሽኑ ላይ ያለው 5.005 ነው፣ ተውኩትና ወደ 1.0.2 ወረድኩ፣ እሱም 1.2ን ይችላል። ሊንክ ሲያደርግ ሶኬትና ኤንኤስኤል የሚባሉትን ላይብረሪዎች በእጅ ካልሰጠኸው ግማሹን ፈንክሽን አላውቅም ይላል፣ ዴቭ ራንደም (ለማመስጠሪያ የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠው) ራሱ የለውም በፓች ነው የገባው፣ ብቻ ስንቱን ላውራችሁ። ቆየት ያለ ከርል በስንት መከራ ተነሳ። ደስ ብሎኝ ቡና ጠጥቼ መጥቼ ብሞክረው የሰርቲፊኬት ኤረር ብሎ ያቋርጠዋል። በናታችሁ ምን ልሁን?

ሩት_ፓስወርድ_ጠፋኝ፦
መጀመሪያ ለልፋትህ ክብር። የሩት ሰርቲፊኬት (ሌሎቹን የሚያረጋግጠው ዋናው ሰርቲፊኬት) ጉዳይ ይመስለኛል፣ አሮጌ ማሽን ላይ ያለው የሩት ዝርዝር ዋጋ የለውም። ነፃ ሰርቲፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ድሮ የሚንጠለጠልበት ዲኤስቲ ሩት ኤክስ3 የሚባለው ሴፕቴምበር 30 2021 አልቋል፣ ያኔ ስንት አሮጌ ማሽን ነው ያበደው። ከሞዚላ ዝርዝር የተዘጋጀውን ካሰርት ፋይል ከከርል ሳይት ላይ በሌላ ኮምፒውተር አውርድና በኤፍቲፒ ወደ ሰኑ አስገባው፣ ከዛ ከርሉን በሲኤሰርት ኦፕሽን እሱን ተጠቀም በለው።

ዝም_ብዬ_ነኝ፦
ምን ያደክምሃል ሰረዝ ኬ በልበትና ተገላገል

ሩት_ፓስወርድ_ጠፋኝ፦
ኧረ ተው እንጂ! ሰረዝ ኬ ማለት እኮ ሰርቲፊኬቱን አታጣራ፣ ማንም ይሁን ብቻ በር ክፈትለት ማለት ነው። እሱን ካደረገ ሁለት ሳምንት ምን አለፋው

ሂርማታ_ልጅ፦
@ሩት ካሰርቱን አስገባሁ፣ ያው ነው። ኤረሩን አሁን በደንብ አነበብኩት፣ "ኢዝ ኖት የት ቫሊድ" ነው የሚለው፣ አልቋል ሳይሆን ገና አልጀመረም። ትናንት ነው እንዴ የወጣው ሰርቲፊኬቱ?? ቢሮ ደውዬ ጠየቅኩ፣ ከወር በላይ ሆኖታል አሉኝ።

ጋሽ_ቴሌክስ፦
ልጄ፣ እነዚህ የሰን ማሽኖች የሰዓቱ ቺፕ ባትሪውን ውስጡ ይዞ ነው የተሰራው፣ ሲያረጅ ሰዓቱም ይጠፋል የኔትወርክ አድራሻውም ይጠፋል። እስቲ ዴት ብለህ ጻፍና የሚለውን እንዳለ አምጣልኝ።

ሂርማታ_ልጅ፦
ጋሼ የኔትወርክ አድራሻው ደህና ነው። ዴት ስለው፦ ሳት ማር 3 03:12 2018 (ቅዳሜ ማርች 3 መሆኑ ነው)

ጋሽ_ቴሌክስ፦
ዛሬ ረቡዕ ነው። ሰዓቱም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ12። ቀኑስ ስንት ነው?

ሂርማታ_ልጅ፦
ህዳር 3... 2018
ወይኔ ጉዴ

ሩት_ፓስወርድ_ጠፋኝ፦
😂😂😂 ማሽኑ በኛ አቆጣጠር ነው የሚሄደው!! ሰርቲፊኬቱ 2025 ላይ የወጣ ነው፣ ለሱ ገና 7 አመት ይቀረዋል

ሂርማታ_ልጅ፦
ሄጄ ሚዛን ቤት ያሉትን ጠየቅኩ። ፕሮግራሙ የማሽኑን ቀን ነው ደረሰኝ ላይ የሚያትመው፣ ገበሬው ደግሞ የፈረንጅ ቀን ያለበት ወረቀት አልቀበልም ስላለ ድሮ ነው እንዲህ የሞሉት። ጥቅምት ላይ፣ 2ኛ ወር ስለሆነ፣ ማሽኑ ፌብሩዋሪ ነኝ ስለሚል 28 ሲያልቅ ዘሎ 3/1 ይገባል፣ ያኔ ዘበኛው ሩት (የማሽኑ ዋና አዛዥ አካውንት) ሆኖ ገብቶ ይመልሰዋል፣ አዎ ዘበኛው፣ ትእዛዙ ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል ከነፓስወርዱ። ጳጉሜንስ ስላቸው በየጠዋቱ ወደ 12/31 እየመለሱ ነው የሚያሳልፉት፣ የጳጉሜ ደረሰኝ ሁሉ ነሐሴ 31 ነው የሚለው። አሁን ቀኑን ባስተካክል ደረሰኙ ይበላሻል፣ ባላስተካክል ሰርቲፊኬቱ።

ጋሽ_ቴሌክስ፦
ቀኑን አትንካ። ፓስወርዱን ግን ዛሬውኑ ከግድግዳ ላይ አንሳ። ኤልዲ ፕሪሎድ በሚባለው ዘዴ ለከርል ብቻ ሌላ ሰዓት የሚነግር ትንሽ ላይብረሪ መጻፍ ይቻላል፣ ግን በኛና በፈረንጁ መሀል ያለው ልዩነት በየወሩ ስለሚንሸራተት ሒሳቡ ያደክምሃል። ይልቅ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልግና ዴቢያን ሊኑክስ ጫንበት፣ ሰኑን በአንድ ገመድ ከሱ ጋር ብቻ አገናኘው፣ ሰኑ ፋይሉን በኤፍቲፒ ለላፕቶፑ ይስጥ፣ ከዛ ወዲያ ያለውን ቲኤልኤስ ላፕቶፑ ይወጣው። ሰኑ ኢንተርኔት ማየትም የለበትም፣ በዚህ እድሜው።

ሂርማታ_ልጅ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያለ አንድ ጓደኛዬ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ነበረው፣ ኢንተርኔቱን በሞባይል ዳታ ዶንግል ሰጠሁት፣ ሁለቱን በኬብል አያያዝኳቸው። ትናንት ማታ የመጀመሪያው ፋይል ሄደ፣ ቢሮም ደረሰን አሉ። የሁለት ሳምንቱ ከርል እዛው ማሽኑ ላይ አለ፣ ማጥፋት አልቻልኩም፣ አንጀቴ አልችል አለ።

ዝም_ብዬ_ነኝ፦
ዘበኛውን ደሞዝ ጨምሩለት