የልጄ ቆረቆር በክሬም አልለቅ አለ፣ ምን ይሻለኛል?

እናት ከአዳማ፦
ልጄ 7 ዓመቱ ነው። የዛሬ 2 ወር ጭንቅላቱ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ አየሁ። አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ፀጉሩም ተሰባብሮ ጉቶ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። እናቴ «ቆረቆር ነው፣ ነጭ ሽንኩርት እሺው» አለችኝ። አሸሁት። ልጁ እየጮኸ ቤቱን ዞረው፣ ቆዳውም ተላጠ። እሺ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ከዚያ ፋርማሲ ሄጄ ክሬም ገዛሁ። ማሳከኩ በ3 ቀን ቆመ፣ ተመስገን አልኩ። አሁን ክቡ 4 ሆኗል! ትንሿ እህቱም ማከክ ጀምራለች። ትራሳቸው አንድ ነው።

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ፣ ቲዩቡን አንብቢልኝ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ጉዱ እሱ ነው። ሁለቱም ስቴሮይድ የሚባሉ የቆዳ መቆጣት ማብረጃዎች ናቸው። ስቴሮይድ ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ቆረቆሩን ያመጣው ፈንገስ ግን ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። ደግሞ ደህና የፈንገስ ክሬም ቢሆንም ለቆረቆር ብቻውን አይበቃም። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ድረስ ገብቷል፤ የሚቀባ ነገር እዚያ አይደርስም። የሚዋጥ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሶፉልቪን ነው፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። መጠኑ በልጁ ኪሎ ስለሚሰላ እዚህ አልጽፍልሽም፣ ሐኪም ይይልሽ።

የሦስት ልጆች እናት፦
የኔም በሱ ነው የዳነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጪው ተብዬ፣ ቅቤ ጠብ ባለበት ፍርፍር ነበር የምሰጠው። በ3ኛው ሳምንት ፀጉሩ ብቅ ብቅ ሲል ላቆም ስል ባለቤቴ ከለከለኝ። እንዳታቆሚ! እህቱንም ይዘሻት ሂጂ።

ፀጉር አስተካካይ፦
እኛ ጋም ችግር አለ፣ አልዋሽም። ማሽኑን በአልኮል ጠረግ አድርገን ቀጣዩን የምናስቀምጥ አለን። ጥርሱ መሃል ፀጉር ከቀረ ግን አልኮሉ ምን ይሠራል? መጀመሪያ በብሩሽ አራግፉልኝ በያቸው፣ ቆመሽም እዪ። እቤት ደግሞ ትራስ፣ ኮፍያና ማበጠሪያ ለየብቻ ይሁን።

እናት ከአዳማ፦
አየሁት፣ ክሎቤታሶል ይላል፣ በደቃቅ ጽሑፍ። ነገ ሁለቱንም ይዤ ጤና ጣቢያ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከኋላ በኩል አንዱ አብጦ መግል ይዟል። እሱም ቆረቆር ነው?

ፋርማሲስቱ፦
ሊሆን ይችላል፤ ሰውነቱ ፈንገሱን ሲታገል እንደዚያ ያብጣል። እንዳታፈርጪው። ጠባሳ ከጣለ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር ላይበቅል ይችላል። ነገ ገና ስትገቢ እሱን አሳዪ።