የሜላንክቶን ስም በእንግሊዝኛ፦ «ክ» እና «ቲኤች» ሲገናኙ

ሰላም ለሁላችሁ። በ1530 እ.ኤ.አ. ስለቀረበው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ (የሉተራውያን የእምነት ሰነድ) በእንግሊዝኛ ትረካ እየቀረጽኩ ነው። የተቸገርኩት በመግለጫው አዘጋጅ በፊሊፕ ሜላንክቶን ስም ነው። ኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል በ1534 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ቪተንበርግ ሄዶ ከማርቲን ሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለተወያየ የሜላንክቶን ስም ደጋግሞ ይመጣል፤ ተድበስብሶ እንዲያልፍ አልፈልግም።

የትርጉሙ ነገር ግልጽ ነው። የቤተሰቡ ስም ሽቫርትስኤርት ሲሆን «ጥቁር መሬት» ተብሎ ተፈቶ ወደ ግሪክ ተመለሰ፦ «ሜላን» ጥቁር፣ «ክቶን» ምድር። ጀርመኖች «ቲኤች»ን እንደ ተራ «ት» ያነቡታል፤ «ሲኤች»ን ደግሞ ወደ «ሽ» ጠጋ ያደርጉታል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን «ሲኤች»ን «ክ» ያደርጋል፣ ጫናውን «ላንክ» ላይ ያሳርፋል፣ መጨረሻውንም ከ«ቶን» ይልቅ አጭርና ደብዛዛ ያደርገዋል። «ቲኤች»ው ምላስን በጥርሶች መካከል አድርጎ የሚወጣው ነው።

ችግሬ እዚህ ላይ ነው። «ክ» ከጉሮሮ በኩል ተዘግቶ ሳይለቀቅ የምላስ ጫፍ ወደ ጥርስ መድረስ አለበት። እኔ ስለው መሃል ላይ ሳድስ አናባቢ ይገባና «ላንክ-እ-ትን» ይሆናል። ፍጥነት ስጨምር «ላንክስን» ይወጣል። «ላንክ» ብዬ ቆም ብዬ ስቀጥል ደግሞ ድምፁ ይስተካከላል፣ ስሙ ግን ለሁለት ይቆረጣል።

በእንግሊዝኛ ትረካ «ክ»ን ውጬ «ላንግ» ካልኩ በኋላ በቀጥታ ወደ «ቲኤች» ብገባ ለሰሚው ትክክል ይመስላል ወይስ «ቲኤች»ን ትቼ በ«ት» «መላንክተን» ማለቱ ይሻላል?